ሰዓቱን ትተሽ ጌሙን ቁጠሪ

ልጄ፣ እሁድ ዕለት ፕሌይስቴሽኑን ከሶኬት ስትነቅዪ ዝም ያልኩሽ እናትን በልጇ ፊት መገሠጽ ስለማይገባ ነው። መከልከልሽ ደግ፤ አከለካከልሽን ግን አልወደድኩትም።

ልጅሽ የሚጫወተው ፎርትናይት እስከ 100 ተጫዋች ገብቶበት አሸናፊው እስኪለይ የሚካሄድ ነው። አንዱ ጌም እስከ መጨረሻው ከተሄደበት 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ መሀል ላይ ላፍታ ማቆም የሚባል ነገር የለውም። ስትነቅዪበት ጓደኞቹን ጥሎ የሸሸ ይመስለዋል። ስለዚህ «እስከ 11 ሰዓት» ማለቱን ተዪና «ሁለት ጌም» በዪው። ገና ሳይጀምር ተስማሙ፦ በሁለት ደቂቃ ተሸንፎ ቢወጣም ይቆጠርበታል። በዚህ ጉዳይ ሊከራከርሽ እንደሚመጣ አትጠራጠሪ፤ የተሸነፈ ልጅ «አንድ ብቻ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ንቅንቅ እንዳትዪ። ማታ ደግሞ ጆይስቲኩ አንቺ ክፍል ይደር።

በጉልበት ብቻ እንደማይሆን መንግሥታትም አይተውታል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት በኮምፒውተር የኢንተርኔት ጌም እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች። ሕጉ የስልኩን ጌም አልነካም ነበርና ልጆቹ ወደ ስልክ ዞሩ፤ በ2022 መጀመሪያ ተሻረ። ያንቺም ልጅ ሶኬቱ ሲነቀል ስልክሽን አንስቶ ፍሪ ፋየር ይከፍታል። የይለፍ ቁጥርሽን እንደሚያውቅ እኔ እንኳ አውቃለሁ።

ሌላው፣ «ሱሰኛ» እያልሽ አትጥሪው። የዓለም ጤና ድርጅት ከበሽታ የሚቆጥረው ልጁ ራሱን መግታት አቅቶት ትምህርቱና ከሰው ጋር ያለው ኑሮ ክፉኛ ሲበላሽ፣ ያም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። የአንድ እሁድ ለቅሶ እዚያ አይደርስም። እንቅልፉንና ደብተሩን ግን ተከታተዪ።

ባልሽንም አናግሪው። አንቺ «ሁለት» ብለሽ ገበያ ስትወጪ እሱ ሦስተኛውን ከፈቀደ፣ ልጁ የሚማረው ማንን መለመን እንደሚያዋጣ ነው። እምቢ ካለሽ ለኔ ተዪልኝ፤ እሱም ልጄ ነው።