36 ብቻ

ስልክ በእጁ እያለ የድሮ የፊልም ካሜራ የሚፈልግ ወጣት በየአገሩ አለ። ለምን ይመስላችኋል?

ፊልም ውድ ነው፤ የተለመደው ጥቅል የሚያነሳው 36 ፎቶ ነው፤ እስኪታጠብም ምን እንደወጣ አይታወቅም። በእኛው ሐረርጌ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1875 ዓ.ም. ሐረር ላይ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ የማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለነበር ምስሉ እንደነጣ ጽፎላቸዋል። ቢደበዝዝም አልጣለውም፤ ላከው።

እናቴ ስታርፍ በስልኬ ውስጥ ከ4000 በላይ ፎቶ ነበረኝ። ለቀብሯ የሚሆን ፊቷን ግን አጣሁ። በብዙዎቹ ጥግ ላይ ናት፤ ትሪ ይዛ ወይም ጀርባዋን ሰጥታ። ያገኘነው ልጅ ሳለሁ ከበደሳ አሰበ ተፈሪ ድረስ ሄዳ ፎቶ ቤት የተነሳችውን ነው። ፎቶ አንሺው ነጠላዋን እስክታስተካክል ጠበቃት። ያነሳት አንዴ ብቻ ነው፤ ከማንሳቱ በፊት ግን አይቷታል።

ስልክ ኃጢአት አይደለም፤ ፊልምም አያጸድቅም። የሚስበን ገደቡ ይመስለኛል። 36 ብቻ ያለው ሰው ሳያይ አያነሳም። ሙሴም በመዝሙር 90 ዕድሜን መቁጠር እንዲያስተምረን እግዚአብሔርን ለምኗል፤ የሚያልቅ ነገር ይቆጠራልና።

ካሜራ ግዙ አልላችሁም። ዛሬ ቤት ስትገቡ እናታችሁን ከጓዳ ጥሯት፤ አጠገቧ ተቀመጡ፤ አጫውቷት። ከዚያ አንድ ፎቶ ብቻ አንሷት። እኔ 4000 ጊዜ ያለፈኝ እንዳያልፋችሁ፣ መጀመሪያ እዩአት።