«ፍጥረትን መለወጥ ነው» ብለው ለሚፈሩ ወላጆች

 

ዛሬ የማነሳላችሁ ነገር ሚንበር ላይ ብዙ አይነሳም። ስለ ጥርስ ነው፤ በተለይ ጥርሳቸው ስላለቀ ወላጆቻችን።

ከወጣቶች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ልጆች ገንዘብ አዋጥተው አባታቸውን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይወስዳሉ። ሐኪሙ አፋቸውን አይቶ፣ ራጅ አስነስቶ፣ «ሰው ሰራሽ ጥርሱ ከመገጠሙ በፊት የቀሩት ሥሮች መውጣት አለባቸው፤ የመንጋጋው አጥንትም በትንሽ ቀዶ ሕክምና መስተካከል አለበት» ይላል። አባት እዚህ ላይ ይነሳሉ። «ጥርሱን የሰጠኝም የወሰደኝም አላህ ነው። አሁን ደግሞ አጥንት አስቆርጬ ፍጥረቱን ልለውጥ? በዚህ ዕድሜዬ ለማን ላምር?» ብለው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ልጁም «ዑስታዝ፣ እውነት ሐራም ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

በመጀመሪያ የአባትን ፍርሃት አትናቁ። ፍርሃቱ ከኢማን የመጣ ነው። በሱረቱን-ኒሳእ ሸይጧን የሰው ልጆችን የአላህን ፍጥረት እንዲለውጡ እንደሚያዛቸው ዝቶ እናገኛለን። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም፣ ለውበት ብለው በጥርሳቸው መካከል ክፍተት የሚያስፈጥሩ ሴቶች ተረግመዋል። አባት ይህን ሰምተዋል፤ ስለዚህ ፈሩ።

ነገር ግን በሐዲሱ ውስጥ «ለውበት» የሚል ቃል አለ። ዑለማዎች በዚህ ቃል ላይ ቆመው ለይተዋል። የተወገዘው ጤነኛ ጥርስን ለማማር ሲባል መሞረድ ነው። በሽታን ማከም፣ ጉድለትን መሙላት ግን ሌላ በር ነው።

ለዚህ በር ቁልፉ የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። እኚህ ሶሓባ ከእስልምና በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። ከብር የተሠራ አፍንጫ አደረጉ፤ ብሩ ግን ሸተተባቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያን ጊዜ ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። አስተውሉ! ወርቅ ለወንድ ሐራም ነው፤ ለሕክምና ሲሆን ግን ነብያችን ራሳቸው አዘዙ። ኢማም ቲርሚዚም ይህን ሐዲስ ካሰፈሩ በኋላ፣ ከቀደምት ዑለማዎች ከአንድ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸውን በወርቅ እንዳሰሩ ይነግሩናል።

ሙስሊም ሐኪሞችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። በ936 አካባቢ በአንደሉስ፣ በቁርጡባ አቅራቢያ የተወለደው አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተባለው ሠላሳ ክፍል ያለው መጽሐፉ የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥቶታል። በዚያ ውስጥ የተነቃነቀ ጥርስ በወርቅ ክር እንዴት እንደሚታሰር፣ በወለቀ ጥርስ ቦታም ከበሬ አጥንት ተቀርጾ እንዴት እንደሚተካ ጽፏል። ይህ ከሺህ ዓመት በፊት ነው።

ታዲያ የአጥንቱ መቆረጥ ለምን አስፈለገ? ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ስለሆነ በቀላሉ ልንገራችሁ።

ጥርስን የያዘው የመንጋጋ አጥንት ለጥርሱ ሲል የሚኖር ነው። ጥርሱ ሲነቀል አጥንቱ መሟሟት ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓመት ከወርዱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል፤ አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ሲሟሟ ግን እኩል አይሟሟም። አንዱ ቦታ ይጎደጉዳል፣ ሌላው እንደ ቢላ ጫፍ ሹል ሆኖ ይቀራል። በዚያ ሹል አጥንት ላይ ሰው ሰራሽ ጥርስ ቢቀመጥ ድዱ በሁለት ጠጣር ነገሮች መካከል ይቀረቀራል። ይቆስላል፣ ያማል። በመጨረሻ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጥርስ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ላንቃው ላይ ያበጠ አጥንት ይኖረዋል። አንዳንዱ ከንፈርን ከድድ ጋር የሚያያይዘው ክር መሰል ሥጋ ዝቅ ብሎ የተሠራውን ጥርስ እየገፋ ያወርደዋል። ሐኪሙ በማደንዘዣ ድዱን ከፍቶ ሹሉን ያለሰልሳል፣ የተረፈውን ሥር ያወጣል፣ ይሰፋል። ከዚያ ድዱ እስኪድን ሳምንታት ይጠበቃል።

ኢምፕላንት ከሆነ ደግሞ ከቲታኒየም የተሠራ ብሎን አጥንት ውስጥ ይተከላል። ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሃድ በ1952 ያስተዋለው ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አፍ ውስጥ የተከለው በ1965 ነው። አጥንቱና ብሎኑ እስኪዋሃዱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። አጥንቱ ከሳስቶ ከሆነ በቅድሚያ አጥንት ይጨመራል።

እዚህ ላይ ሙስሊም ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ የሚጨመረው ከምንድን ነው? ከራሱ ከታካሚው አካል ሊወሰድ ይችላል። ከላም አጥንት የተዘጋጀ፣ በፋብሪካ የተሠራም አለ። ከአሳማ የተሠራም ስላለ ሐኪሙን ሳታፍሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሌላ አማራጭ አለና። ከራስ አካል ወደ ራስ አካል ማዛወርን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1988 ጂዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ የሚያመዝን ከሆነ እንደሚፈቀድ ወስኗል።

«ለጥርስ ብሎ ይህን ያህል?» የሚል ካለ፣ ሸሪዓችን ለጥርስ የሰጠውን ዋጋ ይመልከት። የሰው ሕይወት ዲያ መቶ ግመል ሲሆን፣ የአንድ ጥርስ ዲያ አምስት ግመል ነው። የፊት ጥርስና መንጋጋም በዚህ እኩል ናቸው።

ደግሞም ጥርስ ለቆሎ ብቻ አይደለም። ተጅዊድ የቀራችሁ ታውቃላችሁ፤ «ሣእ»፣ «ዛል» እና «ዟእ» የሚወጡት የምላስ ጫፍ የላይኛውን የፊት ጥርሶች ጫፍ ሲነካ ነው። «ፋእ» የሚወጣው የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቁርኣን ሲቀራ የኖረ አዛውንት የፊት ጥርሱ ሲወልቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቀስ በቀስም ሰው ፊት መቅራት ያፍራል። ልጆቹ «አባባ ዝም አለ» ይላሉ እንጂ ለምን ዝም እንዳለ አይጠይቁም። እርግጥ አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም፤ እየተቸገረ የሚቀራም ሁለት አጅር እንዳለው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። መፍትሔ ሲኖር ግን ለምን ይቸገሩ?

በጥርስ ማጣትም የሚታፈር ነገር የለም። የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የፊት ጥርስ ኡሑድ ላይ ተሰብሯል። አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ) ደግሞ በነብዩ ጉንጭ የተሰካውን የብረት ቀለበት በጥርሳቸው ነቅለው ሲያወጡ የፊት ጥርሶቻቸውን እንዳጡ የሲራ መጻሕፍት ይነግሩናል። በዚያው ቀን ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ) ደሙን አጠቡ፣ ሰሌን አቃጥለው አመዱን ቁስሉ ላይ አደረጉ። ሶብር አለ፣ ሕክምናም አለ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለሕክምናው የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦች፦

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ሐኪሙ አፍን በኃይል መጉመጥመጥ ይከለክላል፤ ቁስሉን የሸፈነው የረጋ ደም እንዳይነሳ። በሻፊዒይ መዝሀብ በዉዱእ ጊዜ መጉመጥመጥ ሱና ስለሆነ መተው ይቻላል፤ ዋጂብ ነው በሚሉትም ዘንድ ጉዳት የሚፈራ ሰው ዑዝር አለው።

የሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርስን ለዉዱእ ማውጣት ግዴታ እንዳልሆነ ብዙ ዑለማዎች ይናገራሉ። ለንጽሕና ግን በየቀኑ አውጥቶ ማጠብ ያስፈልጋል።

በ1997 ያው የፊቅህ አካዳሚ ጥርስ መንቀልና ማጽዳት ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን እስካልዋጡ ድረስ ጾምን እንደማያበላሽ ወስኗል። ካልቸኮለ ግን ከረመዳን በፊት ወይም በኋላ ማድረግ ይቀላል።

ስኳር፣ ደም ማቅጠኛ ወይም የአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይነገር ቀዶ ሕክምና አይጀመር። ሲጋራና ሺሻም ቁስሉን ያዘገያሉ።

ኢምፕላንት የግድ አይደለም። አጥንቱ በደንብ ከተስተካከለ የሚወልቀውም ጥርስ ያበላል፣ ያናግራል። ለውዱ ሲባል ወለድ ውስጥ አትግቡ።

ወጣቶች ሆይ፣ አሁን ወደ እኛ ልመለስ። አባት ለመብላትና ለመቅራት የሚታከሙትን «ፍጥረት መለወጥ» ብለው ይፈራሉ። ከእኛ መካከል ደግሞ ጤነኛ ጥርሱን ለፎቶ ሲል ሊያስሞርድ የሚያስብ አለ፤ ምንም አይፈራም። ያ ሐዲስ ሲነበብ ደንገጥ ማለት የነበረብን እኛ ነበርን። ፍርሃቱ ከእኛ ወደ አባታችን ተዛወረ፣ ገንዘቡ ደግሞ ከአባታችን ወደ እኛ።

ስለዚህ ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ወደ ቤት ስትገቡ ወላጆቻችሁ ምን እየበሉ እንደሆነ ተመልከቱ። እንጀራውን ለምን በመረቅ እንደሚያርሱት፣ ሲስቁ ለምን አፋቸውን በነጠላ እንደሚሸፍኑ አስተውሉ። ትንሽ ሳለን ምግብ አላምጠው ያጎረሱን እነርሱ ናቸው። ሱረቱል ኢስራእ ወላጆች ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳን እንዳንላቸው አዞናል። እምቢ ካሉ አትጩኹባቸው፤ የዐርፈጃን ታሪክ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ካስፈለገም የሚያከብሩትን ሸኽ አምጥታችሁ ያስረዷቸው። የቀዶ ሕክምናው ቀን አብራችኋቸው ሂዱ፤ ሾርባውን ለብ አድርጋችሁ ስጧቸው።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙ ወላጆቻችን ዓፊያን ይስጥልን። ምላሳቸውን በቁርኣን፣ ፊታቸውን በፈገግታ ያብራልን። የሞቱብንንም ይማርልን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን እንዳትረሱ፣ ሰለዋትም አብዙ። ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ።