ድቅሉ ቡችላ የማን ወገን ነው?

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በዌብ ሸለቆ፣ አፈሙዛቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደልደል ያለ፣ የጸጉራቸው ቀለምም ከሌሎቹ የተለየ ቀይ ቀበሮዎች መታየት ጀመሩ። እናቶቻቸው ቀይ ቀበሮዎች፣ አባቶቻቸው የእረኛ ውሾች ነበሩ። ዳዳ ጎቴሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የዘረመል ጥናት የተጠረጠረውን አረጋገጠ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው፣ በጠቅላላው 500 ገደማ ብቻ የቀረው እንስሳ፣ በበሽታና በእርሻ መስፋፋት ላይ መዳቀልም ተጨመረበት።

ታዲያ ድቅሎቹ ምን ይደረጉ? ይምከኑ? ይወገዱ? ይተዉ? ቡችላው በወላጆቹ መገናኘት ጥፋት የለበትም። ዝርያው ግን አንዴ በውሻ ደም ከተዋጠ የሚመልሰው የለም።

ነገሩን የሚያከብደው ለውሻው በር የከፈተለት የቀበሮዋ የራሷ ጠባይ መሆኑ ነው። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ግን ለየብቻው ነው። በመንጋው ውስጥ የምትወልደው አለቃዋ እንስት ስትሆን፣ ሌሎቹ ምግብ በማምጣትና ጉድጓዱን በመጠበቅ ያግዟታል፤ አንዳንዴ ታናናሾቿ ቡችሎቿን ያጠቡላታል። ወንዶቹ ከተወለዱበት መንጋ አይወጡም። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ይለያሉ። ደጋው ጠባብ፣ ግዛቱም ሁሉ ባለቤት ያለው በመሆኑ ግን አለቃዋ ስትሞት ቦታዋን ልጇ ልትወርስ ትችላለች። ያን ጊዜ በዙሪያዋ ያሉት ወንዶች አባቷ፣ ወንድሞቿና አጎቶቿ ናቸው። እንስቷ ከዘመድ ከመውለድ የምታመልጥበት መንገድ አላት። ክላውዲዮ ሲሌሮ-ዙቢሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳተሙት፣ በባሌ ከተመለከቱት ግንኙነት 70 በመቶ ያህሉ የተፈጸመው ከመንጋው ውጭ ካሉ ወንዶች ጋር ነበር። የደጋው ሰው ሰባት ቤት ቆጥሮ ከዘመድ ጋብቻ እንደሚርቅ፣ እሷም ከጎረቤት ትወልዳለች። እረኛው ውሻውን አስከትሎ ወደ ሸለቆው ሲዘልቅ ግን ከዘመድ የጠበቃት ልማድ ለውሻ ያጋልጣታል።

ኦሪት ዘፍጥረት እንስሳት በየወገናቸው መፈጠራቸውን ይተርካል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ከብትን ከሌላ ዓይነት ጋር ማዳቀልን ይከለክላል። ከዚህ ተነስቶ ድቅሉን የተረገመ አድርጎ መቁጠር ይቀላል፤ ስሕተት ግን ነው። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ሰለሞን ሊቀባ ወደ ግዮን የወረደው በአባቱ በዳዊት በቅሎ ተቀምጦ ነው። በአገራችንም በቅሎ የመኳንንትና የካህናት ክብር ሆና ኖራለች። ክልከላው የሚያዳቅለውን እጅ ይመለከታል፤ የተወለደውን ፍጥረት አይነካም። ቁርአንም በአል-አንዓም ምዕራፍ ምድር ላይ የሚሄደውን እንስሳና የሚበረውን ወፍ ከሰው ጋር በሚመሳሰሉ ማኅበረሰቦች ይመድባቸዋል፤ ባዕድ ደም ያለበትን ነጥሎ አያወጣም። በባሌ ውሻውን ወደ ቀበሮው ግዛት ያመጣው የሰው እጅ ነው፤ ስለዚህ ዕዳው ከቡችላው በፊት የሰው ነው። ልዩነቱ በቅሎ መካን ስትሆን የባሌው ድቅል መውለዱ ነው፤ ጥያቄው በአንድ ትውልድ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

በቤኒሻንጉል-ጉሙዝ የካማሺ ዞን ሰው ቀይ ቀበሮን በአገሩ አያገኘውም፤ እንስሳው ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ብርዳማ ደጋ ይሻል። በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ ሰፊ ቦታ የሚኖረው የአፍሪካ ተኩላ ግን ለዚህ ክርክር ትልቅ ምስክር ነው። ተመራማሪዎች ለረጅም ዘመን ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ አድርገው ሲቆጥሩት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኢትዮጵያ ደጋ ጭምር የተወሰዱ ናሙናዎች ለተኩላ ወገን መቅረቡን አሳዩ፤ በ2015 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታወጀ። በ2018 የወጣው የዘረመል ትንታኔ ደግሞ አመጣጡን ገለጠ፦ 72 በመቶ ያህሉ ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶ ያህሉ ከቀይ ቀበሮ የዘር ሐረግ። ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተከበረው እንስሳ የጥንት ድቅል ነው።

በካማሺ ስለ ዘር ሲነገር ጥንቃቄ ያሻል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በዞኑና በአዋሳኝ አካባቢዎች በተነሳው ግጭት ሰዎች በማንነታቸው ምክንያት ተጎድተዋል፤ ብዙ አሥር ሺዎችም ቤታቸውን ጥለው ተሰደዋል። ጉሙዝ፣ በርታ፣ ሺናሻ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዝርያ ነው። ስለ ቀበሮ ዝርያ የሚባለውን አንስቶ ወደ ሰው የሚያሻግር ሳይንሱንም ሃይማኖቱንም ስቷል።

የደም ንጽሕና ካልሆነ ታዲያ የሚጠበቀው ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በቀይ ቀበሮው አኗኗር ነው። በመንዝ ጓሳ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳዎች መንጋ መካከል ሆነው አይጥ ሲያድኑ 67 በመቶ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን 25 በመቶ ያህል እንደሚሳካላቸው መዝግቧል። ጭላዳዎቹ ውሻ ሲያዩ ይሸሻሉ፤ ቀበሮውን ግን ግልገሎቻቸውን እስካልነካ ድረስ ችለውት አብረው ይውላሉ። ከውርጩ፣ ከጓሳው ሣርና ከጭላዳው ጋር የተያያዘውን ይህን አኗኗር የእረኛ ውሻ ሊወርሰው አይችልም። ቀይ ቀበሮ በውሻ ቢዋጥ የሚቀረው እንስሳ መልኩ ቢመስልም ይህን ሕይወት አይኖረውም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ቀዳሚው ሥራ ውሻው ላይ ነው፤ የውሻ መዘዝ ድቅል ብቻ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ከውሾች የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል። በ2018 ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ ማቅረብ ተጀምሯል። ውሻን መከተብ በሽታውን፣ ማምከን ደግሞ ድቅል መወለዱን ይከላከላል፤ የተወለደውንም ሳይገድሉ ማምከን ይቻላል።

ከዚህ የሚከብደው የቀበሮዎቹ የራሳቸው መነጣጠል ነው። የዘረመል ጥናት ሦስት ወገኖችን ለይቷል፦ የአርሲና የባሌ፣ የወሎና የሸዋ፣ የስሜንና የጉና። በጎጃም ጮቄ ላይ ዘራቸው ጠፍቷል። ጥቂት ቀበሮዎች ብቻ በቀሩበት ተራራ ከሌላ ተራራ የመጡትን መቀላቀል ባለሙያዎች ከሚወያዩባቸው ሃሳቦች አንዱ ነው። ንጽሕናን የሚያስቀድም ሰው ይህን አይፈቅድም። ሕይወቱን የሚያስቀድም ግን ከዚያው ወገን፣ ከቅርቡ ተራራ ጀምሮ ሊፈቅደው ይገባል።