የቅዱሳን ዋዜማ እንዴት የጭምብል ሌሊት ሆነ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች! በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ ከልጆቻቸው «እኛስ ለምን አንወጣም?» የሚል ጥያቄ የሚቀርብላቸው አንድ ማታ አለ። እርሱም በፈረንጆች ኦክቶበር 31 ቀን የሚውለው ሃሎዊን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21፣ ይኸውም የእመቤታችን ወርኃዊ መታሰቢያ የሚውልበት ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ብቻ ጥቅምት 20 ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንዱ «የልጆች ጨዋታ ነው፤ ምን አለበት?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሳዊን የሚባል የሞት አምላክ የሚመለክበት ቀን ነው» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የተሰጡ መልሶች ስለሆኑ፣ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ሳዊን በጥንት ዘመን በአየርላንድና በስኮትላንድ በኖቬምበር መግቢያ የሚከበር በዓል ስም እንጂ የአምላክ ስም አይደለም። የሙቀቱ ወራት አልፎ ብርዱ ሲገባ፣ ከብቱ ከግጦሽ ሲመለስ የሚከበር ነበር። በዚያች ሌሊት የማይታዩ ፍጥረታት ከስውር ዓለም ይወጣሉ የሚሉ የአየርላንድ ተረቶች አሉ። ነገር ግን ተረቶቹን በጽሑፍ ያቆዩልን ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሡ ክርስቲያኖች ናቸው። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሮናልድ ሃተንም ሳዊን የሙታን በዓል ነበር ለማለት የሚያበቃው ማስረጃ እጅግ ጥቂት መሆኑን አስረድተዋል።

ሃሎዊን የሚለው ቃል ግን ትርጉሙ «የቅዱሳን ዋዜማ» ነው። በሰባተኛው መቶ ዓመት መግቢያ የሮማው ጳጳስ ቦኒፋስ አራተኛ ፓንቴዎን የተባለውን የጣዖት ቤት በእመቤታችንና በሰማዕታት ስም ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ከዚያም በ835 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጳጳሱ በጎርጎርዮስ አራተኛ ዘመን፣ ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሆኖ በፍራንኮች መንግሥት እንዲከበር ታዘዘ። በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመትም ማግሥቱ፣ ኖቬምበር 2፣ ለሙታን ሁሉ የሚጸለይበት ቀን ሆኖ ከክሉኒ ገዳም ተነሥቶ ወደ ሌላው ምዕራብ ተስፋፋ።

በእንግሊዝ አገር በነዚህ ቀናት ድሆችና ልጆች በየደጁ እየዞሩ «የነፍስ ዳቦ» ይቀበሉ ነበር። ዳቦውን የበላ ሰው ለቤቱ ሙታን ይጸልያል። ተዝካር ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ግን በሃይማኖት ለውጡ ምክንያት ለሙታን መጸለይ በእንግሊዝ ተከለከለ። ጸሎቱ ሲነሣ መዞሩና ዳቦው በየገጠሩ ቀጠለ። በስኮትላንድና በአየርላንድም ልጆች መልካቸውን ለውጠው ይዞሩ፣ እንደ ቀይ ሥር ያለ ትልቅ የጓሮ ሥር ፈልፍለው ሻማ ያበሩበት ነበር።

ከ1845 እስከ 1852 (እ.ኤ.አ.) የአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ በመጥፋቱ ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አገሩን ለቆ ተሰደደ፤ አብዛኛውም ወደ አሜሪካ ሄደ። ልማዱም አብሮ ተሻገረ፤ በጓሮው ሥር ፈንታ ዱባ ተተካ። ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ልጆች በየበሩ ቆመው «ከረሜላ ስጡን፤ አለዚያ እናስቸግራችኋለን!» የሚሉበት ጨዋታ ተለመደ። «ስለ ሙታናችሁ እንጸልያለን» ይባልበት በነበረው በዓል «እናስቸግራችኋለን» የሚል ቃል ተሰማበት።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ከዚህ ምን እንማራለን? መጀመሪያ፣ ክፉ ነው የምንለውን ነገር እንኳ በሐሰት መክሰስ አይገባንም። የእውነት ልጆች በእውነት ይመሰክራሉ። ሁለተኛ፣ ጌታችን በመስቀሉ ድል ያደረገውን ሞት ክርስቲያን አይፈራውም፤ በአጽምና በደም አምሳል አጊጦም አይጫወትበትም። ሙታኖቻችንን የምናስባቸው በጸሎትና በምጽዋት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግን በዓል ከውስጥ ባዶ ሊሆን የሚችል መሆኑን ማወቃችን ነው። እሳትም፣ በየደጁ የሚዘምሩ ልጆችም፣ ዳቦም በእኛም ዘንድ አሉ። ነሐሴ 13 ቀን ለሚውለው ለደብረ ታቦር፣ ለቡሄ፣ ችቦ ይበራል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ሙልሙል ይታደላል። ዛሬ በከተማ በብዙ ደጅ በሙልሙሉ ፈንታ ገንዘብ ይሰጣል። ችቦው ጌታ በታቦር ተራራ የገለጠውን ብርሃን የሚያስታውስ መሆኑን ለልጁ የሚነግረው ሰው ከጠፋ፣ በእንግሊዝ የነፍስ ዳቦ ላይ የደረሰው በእኛም ሙልሙል ላይ የማይደርስበት ምን ምክንያት አለ?

ስለዚህ በውጭ አገር ያለው ታናሽ ወንድማችን ሲጠይቀን «አይሆንም» ብለን ብቻ ባዶ እጁን አንሸኘው። ልጅ ከደስታ ሲከለከል ሌላ ደስታ ይፈልጋል። የቃሉን ትርጉም እንንገረው፤ በዚያው ማታ ሰብስበን የአንድ ቅዱስ ገድል እንተርክለት፤ መዝሙር እናስጠናው፤ ለሞቱት አያቶቹ በስማቸው እንዲጸልይ እናስተምረው፤ ዳቦም ቆርሰን እንስጠው። የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ይህ ነውና።

የቅዱሳኑ አምላክ አስተዋይ ልቡና ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።