የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ከሜዳ ያስወጣው ማን ነው?

 

የዛሬውን ጽሑፌን የምጀምረው ብዙዎቻችሁ ከደርስም ከኹጥባም በሰማችሁት ሐዲስ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ተማሪያቸውን ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕን ከጀነት ሰዎች አንዷን ላሳይህን ብለው ጠየቋቸውና አንዲት ጥቁር ሴት አመለከቷቸው። ይህች ሴት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥታ በሽታ እንደሚጥላት፣ በወደቀችም ጊዜ ገላዋ እንደሚገለጥ ነግራ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለምና ነበር። እርሳቸውም ብትታገሥ ጀነት እንደሚጠብቃት፣ ከፈለገች ደግሞ እንዲፈውሳት አላህን እንደሚለምኑላት ነገሯት። ትዕግሥትን መረጠች። ነገር ግን ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ እንዲደረግላት ጠየቀች፤ ተደረገላትም።

ይህን ሐዲስ ስለ ሰብር ስንሰማው ኖረናል፤ መልካም ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣውን ሌላ ጎኑን ላነሣ እፈልጋለሁ። ቡኻሪ ከዚሁ ጋር አያይዘው እንደዘገቡት ዐጣእ ኡሙ ዙፈር የምትባለውን ያችን ረጅም ጥቁር ሴት ያዩዋት ከከዕባ መጋረጃ ዘንድ ነበር። ልብ በሉ፤ ዐጣእ የተወለዱት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ከሕመሟ ጋር ረጅም ዘመን ኖራለች ማለት ነው። የኖረችውም በጓዳ ተደብቃ አልነበረም። በእግሯ ሄዳ፣ ሰው ከተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ በሚበልጠው ቦታ ቆማ ታየች። ትወድቃለችና ከቤት አትውጣ ያላት ሰሃባ መኖሩን የሚነግረን ዘገባ አልገጠመኝም።

እኛ ዘንድ ግን ነገሩ እንዴት ነው? አንድ ልጅ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ከወደቀ ያ ቀን የመጨረሻው የጨዋታ ቀኑ ይሆናል። እኔ በማውቀው አንድ ሰፈር የ16 ዓመት ወጣት እንዲህ ሆኗል። የቡድኑ ኃላፊ «ኃላፊነት አልወስድም» አለ። እናቱ ማሊያውን ደበቀች። ከዚያ ተራው የመድረሳው ሆነ፤ ደረጃ አለው፣ ሊወድቅ ይችላል ተባለ። አሁን ከአባቱ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል። አባትየውን ሳነጋግራቸው «አዝኜለት ነው» አሉኝ፤ ከልባቸው እንደሆነም አልጠራጠርም። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ይብሳል። የትዳር ነገር ይነሣና ቤተ ዘመድ እንኳ እንዳያውቅ ትሸሸጋለች።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ እዝነት እውነት ላይ የቆመ ነው ወይ የሚል ነው። ሩጫና ኳስ በሽታውን ይቀሰቅሳሉ?

አስቀድሜ ላስታውስ የምፈልገው ሐኪሞቹም ቢሆኑ አንድ ጊዜ እንደኛ ያስቡ እንደነበረ ነው። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 በሚጥል በሽታ የተያዙ ሰዎች ከግጭት ስፖርት እንዲርቁ መክሮ ነበር፤ በ1974 ግን ሐሳቡን ለውጦ በሽታው በመድኃኒት እስከተያዘ ድረስ ሊከለከሉ አይገባም አለ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶችም ያዘነበሉት ወደዚሁ ነው። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ አንድ ጥናት በሽታቸው ለመድኃኒት እምቢ ያለ 15 ሴቶችን ለ15 ሳምንታት፣ በሳምንት 2 ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት በሙዚቃ የታጀበ የዳንስ ስፖርት አሠርቷቸው ነበር። (ዳንስ የሚለው ቃል የሚከብደው አንባቢ ዳንሱን ትቶ እንቅስቃሴውን ይውሰድ።) በእነዚያ ሳምንታት የሴቶቹ የመውደቅ ብዛት ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። የሴቶቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ስለሆነም ስፖርት መድኃኒት ነው ለማለት አያደፋፍርም። ይሁንና ስፖርት ይጥላል የሚለውን አባባል ከሥሩ ይነቀንቀዋል። በስዊድንም ከ1 ሚሊዮን በላይ ለውትድርና የተመዘገቡ የ18 ዓመት ወጣቶችን ታሪክ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በወጣትነታቸው የአካል ብቃታቸው ዝቅ ያለው ሰዎች ኋላ በዚህ በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከፍ ብሎ መገኘቱን ገልጿል።

የጥርጣሬው ምንጭ ትንፋሽ ነው። ሐኪሙ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በኢኢጂ መሣሪያ ሲመረምር ታማሚውን ቁጭ አድርጎ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት እንዲተነፍስ ያዘዋል፤ ይህ አንዳንዱን ሰው ይጥለዋል። ታዲያ ሯጭም ያለከልካል አይደል፣ ስለምን አይወድቅም? ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቁጭ ብሎ የሚያለከልክ ሰው በደሙ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለ ልክ አውጥቶ ይጨርሰዋል፤ የአንጎል ሕዋሳትም በዚህ ሳቢያ ይቆጣሉ። የሚሮጥ ሰው ግን ጡንቻው ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል፤ ትንፋሹ የሚያወጣው ያንኑ ትርፉን ነው። ሚዛኑ አይዛባም። እንዲያውም በብዙ ታማሚዎች ዘንድ ያልተስተካከለው የአንጎል ሞገድ በእንቅስቃሴ ጊዜ ረገብ ሲል ታይቷል። እርግጥ እንቅስቃሴ በራሱ የሚቀሰቅስባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ አንዳንዱም ከጨዋታ በኋላ ዐረፍ ሲል ይወድቃል። ስለዚህ መቼና ምን ሲያደርግ እንደወደቀ በደብተር ጽፎ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። ማርዮን ክሊኜ የተባለችው ፈረንሳዊት ብስክሌተኛ ይህ በሽታ እያለባት በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን ያስደነገጠኝ ግን የገዛ አገራችን ጥናት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ነዋሪዎችን ሲያጠኑ 316 ታማሚዎችን አገኙ። ከ1,000 ሰው 5 ያህል ማለት ነው። በጊዜው ለበሽታው የታወቀውን መድኃኒት ያገኙት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ከታማሚዎቹ መካከል ሲወድቁ እሳት ያቃጠላቸው ነበሩ። እሳቱ ያለው የት ነው? ሜዳ ላይ ነው ወይስ ቤት? ምጣዱ፣ የከሰል ማንደጃው፣ የፈላው ጀበና ያሉት ጓዳ ውስጥ ነው። ልጃችንን ከሣር ላይ አስነሥተን ከእሳት ዳር ስናስቀምጠው ጠበቅነው ብለን እናስባለን።

እንዲህ ስል ግን ማንም ያሻውን ይጫወት ማለቴ አይደለም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስራትና ከዚያ እንዲመካ እንደመለሱለት ቲርሚዚ ዘግበዋል። የዚህ ጉዳይ ማሰሪያው ምንድን ነው? ዓለም አቀፉ ፀረ የሚጥል በሽታ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2016 ስፖርቶችን በሦስት መድቧቸዋል። እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ አብዛኛው ሩጫና ቴኒስ ከሌላው ሰው የተለየ የጎላ አደጋ ከሌላቸው ወገን ናቸው። ዋና፣ ብስክሌት፣ ፈረስ ግልቢያ፣ ክብደት ማንሣትና ቦክስ መካከለኛ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ሐኪምን ማማከር ግድ ነው። ተራራ መውጣት፣ የመኪና ውድድርና ባሕር ውስጥ መጥለቅ ከሦስተኛው ወገን ናቸው። ውሃን በተመለከተ እኔም ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ሰምጦ የመሞቱ አደጋ ከሌላው ሰው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ሐዋሳም ሆነ ላንጋኖ ለሽርሽር ሲኬድ መዋኘት የሚችልና በሽታውን የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ሳይኖር ልጁ ውሃ ውስጥ አይግባ።

ይልቁን በብዛት የሚጥለው ስንዘናጋ የሚያመልጠን ነገር ነው፤ የተዘለለ ኪኒንና የጎደለ እንቅልፍ። ረመዳን ሲመጣ የከተማ ልጆች ከተራዊሕ በኋላ እስከ ሱሑር ኳስ ሲጫወቱ ያድራሉ። ታማሚው ልጅ ከእነርሱ ጋር አድሮ የቀኑን መድኃኒት በጾም ምክንያት ዘሎ በማግሥቱ ቢወድቅ፣ ኳሱ ጣለው ይባላል። የጣለው ግን እንቅልፍ ማጣቱና ያልዋጠው ኪኒን ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ በሱሑርና በኢፍጣር ሊከፈል ይችል እንደሆነ ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። አይቻልም ካለ በሱረቱል በቀራህ ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ የተሰጠው ለእርሱ ነውና ዓሊም አማክሩ። ሐጅና ዑምራም እንዲሁ ነው። ጠዋፉና ሰዕዩ ከሚያደርሱት ይልቅ ሙቀቱና የሌሊቱ ጉዞ እንቅልፍ ነሥተው የሚያደርሱት ጉዳት ይብሳል።

«ይህ የጂን ነገር ነው፣ ሐኪም ምን አገባው?» የሚለኝ ወንድም አይጠፋም። ኢብኑል ቀይም ራሳቸው በዛዱል መዓድ የመጣል በሽታን በሁለት ከፍለው አንዱን ለሐኪሞች ትተዋል። ሩቃውን የሚከለክል የለም፤ የምቃወመው ኪኒኑ ተጥሎ ሩቃ ብቻ ሲያዝ ነው። አላህ (ሱ.ወ) መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ በቡኻሪ ሐዲስ የተነገረን ለሌላው ሕመም ሁሉ ሆኖ ለዚህኛው ብቻ አይደለም የሚል ማስረጃ ካለ ይምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከ100 ታማሚዎች እስከ 70 ያህሉ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

መልእክቴ ለቡድን ኃላፊዎችና ለመድረሳ ኡስታዞችም ነው። ሐበሾች በዒድ ቀን በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ቆመው ያዩት በመስጂዳቸው ውስጥ ነበር። ጨዋታ ለልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። በእርሱ ጓደኛ ያገኛል፣ ሰው መሆኑ ይታወቅለታል። ልጁን መልሱትና ቢወድቅ ምን እንደምታደርጉ ብቻ ተማሩ። ሰዓት ተመልከቱ። አጠገቡ ያለውን ድንጋይ አርቁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኑም አስተኙት። እየተንቀጠቀጠ ሳለ እጅና እግሩን አትያዙት፣ በጥርሱ መካከል ማንኪያም እንጨትም አትክተቱ፣ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። አረፋው አይጋባም፤ አትፍሩት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ውሃ አትስጡት። ልብሱ ተገልጦ ወይም ሽንት አምልጦት ከሆነ ከመካከላችሁ አንዱ ጃኬቱን አውልቆ ጣል ያድርግበት፤ የተሰበሰበውንም ሰው ወደ ኋላ መልሱት።