ገበሬን ሊመክር የሚገባው ማን ነው?

ከሰው ሁሉ ምክር የሚበዛለት ድኻ ነው። ባለጠጋ ገንዘቡን እንዴት እንደሚያጠፋ የሚጠይቀው የለም፤ ድኻው ግን አንድ በግ የሸጠ እንደ ሆነ ቄሱም፣ ሹሙም፣ ከከተማ የመጣው ተማሪም «ቈጥብ» ይለዋል። ምክሩ ክፉ ነው አልልም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ገበሬን ስለ ገንዘቡና ስለ እህሉ ለመምከር የሚገባው ማን ነው? የሚል ነው።

ነገሩን በጉና ዙሪያ እንመልከተው። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደጋው ያለው የፋርጣና የጋይንት ገበሬ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ያመርታል፤ በግ ያረባል፤ በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ ይተክላል። ይህ ሰው ቁጠባ አያውቅም የሚል ቢኖር ቤቱን ገብቶ አላየም። ጐተራው ቁጠባ ነው፤ በጉ ቁጠባ ነው፤ ባሕር ዛፉም ለክፉ ቀን የቆመ ገንዘብ ነው። ልጆቹ እየተራቡ ለዘር ያስቀመጠውን እህል የማይነካ ሰው ስለ ትዕግሥት ከእኛ የሚማረው ጥቂት ነው።

ታዲያ ስለ ምን ይቸገራል? እኔ እንደማስበው ከሁሉ ይልቅ የጐደለው ጊዜ ነው። ግብሩ፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ የሠርጉ ወጪ ሁሉ የሚመጣው እህሉ ከዐውድማ በገባ ማግስት ነው። በዚያ ወራት ጎረቤቱም ሁሉ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ክረምት ሲገባ ጐተራው ይጐድላል፤ ያን ጊዜ በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ይገዛል። ለምሳሌ ያኽል አንዱን ኩንታል ገብስ በጥር በ3000 ብር ሸጦ በነሐሴ በ4500 ብር የገዛ ሰው አለ እንበል። ይህ ሰው ከማንም የተበደረ አይመስለውም። ነገር ግን በ3000 ብር ላይ በሰባት ወር 1500 ብር ጨምሮ ከፍሏል፤ ከመቶ 50 ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ አራጣ አበዳሪ ሳይኖር አራጣ ተከፈለ። ውል የለውም፤ ምስክር የለውም፤ የሚከሰስበትም ዳኛ የለም።

መካሪው ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሒሳብ ትቶ በተዝካሩና በሠርጉ ላይ ይነሣል። ወቀሳው ከነጭራሹ ሐሰት አይደለም፤ የእርሻ በሬ ሸጦ መደገስ ማሳን ጦም ማሳደር ነው። ይሁን እንጂ ማኅበር፣ ዕድርና ወንፈል ለገበሬው እንደ ኢንሹራንስ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። በሬው ገደል የገባበት ሰው የሚያርሰው በጎረቤቱ በሬ ነው፤ ጎረቤቱም በሬውን የሚሰጠው ትናንት አብሮት የበላውን ሰው ስለሚያውቅ ነው። «ድግሱን ተው» ያለው መካሪ በሬው የሞተ ዕለት በሬ ይዞ የማይመጣ ከሆነ ምክሩ ግማሽ ምክር ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ሰውን ስለ ገንዘቡ ለመምከር የሚገባው በጉዳቱ የሚካፈለው ሰው ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን ይህን በሥራ አሳይቷል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1846 እስከ 1847 በነበረው የረኃብ ክረምት የቫየርቡሽ ከንቲባ ሳለ የባለጠጎችን ርዳታ ሰብስቦ ለድኾች ዱቄት በዱቤ እንዲሰጥ አደረገ። ኋላ ግን የባለጠጋ ቸርነት ብቻውን እንደማይዘልቅ ተረድቶ በ1864 በሄደስዶርፍ የብድር ማኅበር አቋቋመ። እርሱ ባስፋፋቸው ማኅበሮች አባሎቹ ሁሉ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነት ተጠያቂዎች ነበሩ። አንዱ ሌላውን «ይህን ብድር አትውሰድ» ሲለው ስለ ራሱም ኪስ መናገሩ ነበር።

በእኛም አገር በ1989 ዓ.ም. በአክሲዮን ማኅበርነት የቆመው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ መያዣ ለሌላቸው ሰዎች በቡድን እየተዋዋሱ እንዲበደሩ መንገድ ከፍቷል። ይህ ለብዙ ቤት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ልናስተውለው የሚገባ አደጋ አለበት። በረዶ የአንዱን ማሳ በመታ ዓመት ዋሶቹ ዕዳ ጠያቂዎቹ ይሆናሉ፤ የዘመን ጉርብትናም ይሻክራል። ጉዳትን መካፈልና ጉዳትን በጎረቤት ጫንቃ ላይ መጣል አንድ አይደለም። አበዳሪውም ራሱ በክፉ ዓመት ቀኑን በማራዘም ከሸክሙ ጥቂት ሊያነሣ ይገባዋል።

ለገበሬ ጊዜ መስጠት እንደሚቻል የኒጀርን ገበሬዎች ማየት ይበቃል። በመከር ወራት እህላቸውን አይሸጡም፤ በጋራ መጋዘን አስገብተው በእርሱ መያዣነት ገንዘብ ይበደራሉ። መጋዘኑ በሁለት ቁልፍ ይዘጋል፤ አንዱ ቁልፍ በገበሬዎቹ ማኅበር፣ ሁለተኛው በአበዳሪው እጅ ይቀመጣል። ዋጋ ሲወጣ ሸጠው ዕዳቸውን ይከፍላሉ። ዋጋው ሳይወጣ ቢቀር ግን ገበሬውም አበዳሪውም በአንድ በር ፊት ቆመው ይጨነቃሉ። እኔ ከብዙ ስብከት ይልቅ እነዚያን ሁለት ቁልፎች አከብራለሁ።

ወጣቶች ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የገበሬ ልጆች ናችሁ። ለበዓል ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ለመምከር አትቸኵሉ። ደብተር ይዛችሁ ከአባታችሁና ከእናታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። በየትኛው ወር ምን ያኽል እህል ተሸጠ? ለየትኛው ወጪ? በክረምትስ ስንት ተገዛ? ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። የጐተራውን መጠን እናታችሁ ከሁሉ ይልቅ ታውቀዋለች፤ እርሷን ሳትጠይቁ የጻፋችሁት ሒሳብ አይታመንም። ዓመቱ ሲሞላ ያ የተሰወረው አራጣ በደብተሩ ላይ ይገለጣል፤ ስትነግሯቸውም ወቀሳ አይሆንባቸውም፤ የተናገሩት ራሳቸው ናቸውና።

ደመወዝ የምትበሉ ከሆናችሁ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ራቅ በሉ። የጥርን ግብርና ዕዳ ያለ ወለድ አበድሯቸው፤ ከእህሉ ሁለት ኩንታል እስከ ሐምሌ ሳይሸጥ ይቆይ። ነቀዝ ቢገባበት ወይም ዋጋው ሳይወጣ ቢቀር ከእነርሱ ጋር ትከስራላችሁ። ይህን ለመቀበል ፈቃደኛ የሆነ ሰው «ቈጥቡ» ቢል ይደመጣል። ፈቃደኛ ያልሆነው ግን ምክሩን ለራሱ ቢያኖረው ይሻላል።