ሐተታ ስለ ቆሰለው ወራሪ

ወራሪን መግደል ይገባል። ይህን አልጠራጠርም። የምጠይቀው መብቱ ከየት እንደ መጣና እስከ የት እንደሚደርስ ነው።

ጥያቄውን ያስነሣብኝ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የጆናታን ሊብስማን ፊልም «ባትል፡ ሎስ አንጀለስ» ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ከባሕር ወጥተው ከተማዋን ይወራሉ። አሮን ኤክሃርት የሚጫወተው ሃምሳ አለቃ ናንትዝ ያለበት የማሪን ጦር፣ አካባቢው በቦምብ ሳይደበደብ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ መውጫ ያጡ ሲቪሎችን እንዲያወጣ ይላካል። እዚያም አንድ የቆሰለ ፍጡር እጃቸው ይገባል። አልሞተም። ጥይት በቀላሉ አይጥለውምና የት ቢመቱት እንደሚሞት ማወቅ ይፈልጋሉ። ናንትዝ ከሲቪሎቹ አንዷ ከሆነችው የእንስሳት ሐኪም ጋር ሆኖ ገላውን ይከፍታል፤ የውስጥ አካሉን አንድ በአንድ በጩቤ ይወጋል። ፍጡሩ አሁንም አሁንም ይንፈራገጣል። በመጨረሻ፣ በሰው ቢሆን ልብ ከሚገኝበት በስተቀኝ ያለው ሲወጋ ይሞታል። ፊልሙ እዚህ ላይ አይቆምም፤ ወደ ተኩሱ ይመለሳል። እኔ ግን ማለፍ አልቻልሁም።

ከሥሩ ልጀምር። መብቱ የሚመነጨው ከወራሪው ማንነት ነው ወይስ ከሥራው? ከማንነቱ ቢሆን ኖሮ በገዛ ዓለሙ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ልንገድለው በተገባን ነበር። ይህ ሐሰት ነው። እንግዲህ መብቱ ከሥራው ነው። ከሥራው ከሆነ ሥራው ሲቆም መብቱም ይቆማል። የቆሰለውና የተያዘው ፍጡር ከእንግዲህ አይተኩስም። ስለዚህ ምርኮኛ ነው።

«ሰው አይደለም፤ የጄኔቫን ስምምነትም አልፈረመም» የሚል ይኖራል። አልፈረመም። ነገር ግን ምርኮኛን ማሠቃየት ስምምነቱ በ1949 እ.ኤ.አ. እስኪፈረም ድረስ ደግ ሥራ ነበርን? አልነበረም። ስምምነቱ ክፋቱን አገኘው እንጂ አልፈጠረውም። ሰው አለመሆኑስ? እነዚህ ፍጡራን በሰልፍ ይዋጋሉ፤ ጦራቸውን ከአንድ ማዘዣ ይመራሉ፤ ሕዋን አቋርጠው መጥተዋል። ልቡና የሌለው ይህን አያደርግም። ልቡና ባይኖረው እንኳ ሕመም አለው። አንደበት የሌለው ፍጡር ሕመም ሊታዘንለት እንደሚገባ ከዚያች የእንስሳት ሐኪም በላይ ማን ያውቃል?

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። «ከሲቪሎቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ፤ ናንትዝ ባያደርገው ያልቁ ነበር።» ይህን አቃልዬ አላልፍም። ግን መጀመሪያ ይህን ልጠይቅ፦ የተያዘው ሰው ቢሆንና የሚፈለገው የጥሩሩ ስስ ቦታ ቢሆን፣ በሕይወት ሳለ ይወጉት ነበር? አይወጉትም ካልህ ምክንያትህ የሕፃናቱ ነገር አይደለም፤ የፍጡሩ ማንነት ነው፤ እርሱንም ቀደም ብለን ጥለነዋል። ይወጉታል ካልህ ግን ችግር ሁሉን ይፈቅዳል ማለትህ ነው። በፊልሙ ውስጥ በቴሌቪዥን እንደሚነገረው ፍጡራኑ የመጡት ለውኃ ነው። ችግር ሁሉን የሚፈቅድ ከሆነ ጥማቸው ሎስ አንጀለስን ፈቀደላቸው። ናንትዝን ነጻ ያወጣው ክርክር ወራሪውንም ነጻ ያወጣል።

«ልዩነት አለ፤ እነርሱ ያልበደላቸውን ይገድላሉ፣ ናንትዝ የበደለውን ይወጋል» ብትለኝ፣ ልዩነቱን እቀበላለሁ። ከሁሉ የሚጠናው መልስ ይህ ነው። ሆኖም በደለኛ ለመባል ፈቃድ ያስፈልጋል። የዚያ የቆሰለ ፍጡር መሣሪያ ከገላው ጋር የተሰፋ ነው። ማን ሰፋው? ወድዶ ነው ወይስ ተገድዶ? ፊልሙ ይህን የሚመልስበት ቋንቋ አልሰጠውም፤ ከማሪኖቹም የጠየቀው የለም። እኔ በዚያ ክፍል ብሆን ጩቤውን አነሣ ይሆናል፤ ሕፃናቱን እያየሁ እንቢ የምል አይመስለኝም። መብት ነበረኝ ብዬ ግን መማል አልችልም፤ መብቱን ፈልጌ ያጣሁት እዚህ ላይ ነውና።